የሶፍትነሩ ሂሳብ

ከቤት ሠራተኛዬ ደሞዝ ላይ የሶፍትነር ዋጋ ቆርጫለሁ። በዚያም አላበቃሁ፤ «እጇ አመለኛ ነው» ብዬ ለደላላው፣ ለጎረቤቶቼ፣ ቡና አብሬያቸው ለጠጣሁ ሰዎች ሁሉ አውርቻለሁ። ልጅቷ አልሰረቀችም ነበር። ወሬውን ከኔ አፍ የሰማው ሰው ብዙ ስለሆነ እያንዳንዱን ፈልጌ ማግኘት አልችልም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

የነገሩ መነሻ የልብስ ማጠቢያ ማሽን መሳቢያ ነው። ከፊት የሚከፈት ማሽን ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ከላይ በግራ በኩል የሚሳብ፣ ሦስት ክፍል ያለው ፕላስቲክ። አንዱ ለቅድመ እጥበት፣ አንዱ ለዋናው ሳሙና፣ የአበባ ምልክት ያለበት ደግሞ ለሶፍትነር ነው። ማሽኑ ሳሙናውን ቀድሞ ይወስዳል። ሶፍትነሩን ግን እስከ መጨረሻው ማለቅለቂያ ድረስ ሳይነካው አቆይቶ፣ ያን ጊዜ ውሃ ይለቅበትና ጠርጎ ያወርደዋል። እጥበቱ ሲያልቅ ያ ክፍል ባዶ ሆኖ መገኘት አለበት። የኛው ግን ሞልቶ መገኘት ጀመረ። ውስጡ ያለውም ሶፍትነር አልነበረም፤ ትንሽ ሰማያዊ የነካው ቀጭን ውሃ ነው።

ያንን ውሃ ሳይ ወዲያው ወደ አእምሮዬ የመጣው ሌብነት ነው። ሶፍትነሩን ለራሷ ትቀዳለች፣ እንዳይታወቅባት ደግሞ ቦታውን በውሃ ትሞላለች ብዬ ደመደምኩ። ጠርሙሱ ቶሎ ቶሎ ይጎድላል። ፎጣው ይከረክራል፣ አንሶላው ምንም አይሸትም። የእሷ ቀሚስ ግን ጓሮ ገመድ ላይ ተሰጥቶ በአጠገቡ ሳልፍ የኔን ሶፍትነር ጥሩ አድርጎ ይሸታል። ከዚህ በኋላ ሌላ ምስክር ምን ያደርግልኛል?

ይበልጥ ያሳመነኝ ግን የቀኑ ነገር ነው። ቅዳሜና እሑድ፣ እኔ ቤት ስውል፣ መሳቢያው ባዶውን ይገኛል። በሥራ ቀን ታጥቦ ማታ ስመለስ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ባለቤቷ ባለችበት ደህና ሆኖ በሌለችበት የሚበላሽ ማሽን የት አገር አለ አልኩ። እንዲህ የሚያደርገው ሰው ነው። የምሠራው ደሞዝ ክፍል ነው፤ እዚያ የዋለ ሰው ቁጥር ሲገጥምለት ደስ ይለዋል፣ ከገጠመለት በኋላም ሁለተኛ አይደምረውም።

ጠርቼ ጠየቅኋት። «እትዬ፣ እኔ አይደለሁም። ማሽኑ ነው ውሃ የሚሞላው» አለችኝ። «ማሽን ደግሞ ውሃ ይቀዳል?» ብዬ ሳቅሁባት። ውሃ መቅዳት ዋና ሥራው የሆነ ዕቃ ፊት ቆሜ ነው እንዲህ ያልኩት። ስለ ቀሚሷም ስጠይቃት አልደበቀችም። እጥበቱ ሲያልቅ መሳቢያው ውስጥ የሚቀረውን ከመድፋት ብላ ሳፋ ውስጥ ገልብጣ የራሷን ልብስ ታለቀልቅበት እንደነበር ነገረችኝ። ማሽኑ ያልወሰደውን፣ እኔ ብሆን ቱቦ ውስጥ የምደፋውን ነገር ማለት ነው። እኔ የሰማሁት ግን «አዎ፣ ወስጃለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። በአፏ አመነች ብዬ ለሰው የነገርኩትም ይህንኑ ነው።

በወሩ መጨረሻ የሁለት ጠርሙስ ዋጋ ቆርጬ ሰጠኋት። እዚህ ላይ የማልዘለው ነገር አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በቁጥር 1156/2011፣ አሠሪ ከሠራተኛ ደሞዝ ላይ እንደፈለገ መቁረጥ አይፈቀድለትም። ሕጉ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊኖር፣ አለዚያም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሊስማማ ይገባል፤ ያም ሆኖ የሚቆረጠው ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። አንቀጹን እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ፤ አለቆች የሰው ደሞዝ በግልምጫ ሲያስቆርጡ እሱን ጠቅሼ የተከራከርኩበት ጊዜ አለ። ይኸው አዋጅ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራን ልጅ እንደማይመለከት ግን አውቅ ነበር። እቤቴ ገብቼ በሬን ስዘጋ አንቀጹ ውጭ እንደሚቀር ማወቄ ያን ቀን ጠቅሞኛል። አላፈርኩም፤ ያፈርኩት ዘግይቼ ነው።

ጠርሙሱን ከዚያ በኋላ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩት። ልብስ የሚታጠብ ከሆነ ማታ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ እኔው ራሴ ሶፍትነሩን መሳቢያው ውስጥ አፈስና እተኛለሁ። ጠዋት ልጅቷ ማሽኑን ታስነሳለች። ሽታው እንዲጠነክር እያልኩም ከተሰመረው መስመር አሳልፌ እሞላዋለሁ። መስመሩ ለምን እንደተሰመረ ጠይቄ አላውቅም። መሳቢያው መሙላቱን አልተወም፤ እንዲያውም ባሰበት። ልጅቷ አሁንም «እትዬ፣ ዛሬም ሞልቷል» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ንግግሯን እንደ ንቀት ቆጠርኩት።

ብዙም ሳትቆይ «ልሂድ» አለች። ስትወጣ ፌስታሏን አስፈታኋት። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ ጫማና የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ነው የወጣው። አንድም የኔ ነገር አለመገኘቱ ሐሳቤን ትንሽ እንኳ አላላላውም፤ ቀድማ አሽሽታለች አልኩ። ብዙ ቤት ሠራተኛ ስትወጣ ዕቃዋ ይፈተሻል፤ የተለመደ ነው እየተባለም ይነገራል። በዚያች ልጅ ፊት ላይ ያየሁት ግን የለመደ ሰው ፊት አልነበረም።

እሷ ከሄደች በኋላ ባልተለመደ ሁኔታ በሥራ ቀን ቤት ዋልኩ። ልብስ አጠብኩ። መሳቢያው ሞላ።

ቤት ውስጥ ከኔ በቀር ማንም አልነበረም። ይሄኔ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ አልገባኝም፣ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም። ሶፍትነሩ ፎርጅድ ነው አልኩ። ቀጥዬም ልጆቹ ነካክተውት ይሆናል አልኩ። ሰው አንድ ጊዜ ፈርዶ ካሰናበተ በኋላ ፍርዱን የሚነካ ነገር ሁሉ ጥፋቱን ወደ ሌላ ሲያዞርለት ይወዳል። መሳቢያው መሳብ እስኪያቅተኝ፣ ልብሱም ከረጠበ ምንጣፍ የባሰ መሽተት እስኪጀምር ድረስ ጠጋኝ አልጠራሁም።

የመጡት ሽማግሌ ናቸው። ማሽኑን ከግድግዳው ሳያላቅቁ፣ ዕቃቸውንም ሳይፈቱ፣ መሳቢያውን እስከ መጨረሻው ስበው መሐሉ ላይ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉና ሙሉ በሙሉ አወጡት። መሳቢያው እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ማሽኑን ከገዛሁ ጀምሮ አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። ከስሩ ጥቁር ሻጋታ ለብሷል። የሶፍትነሩ ክፍል ላይ ያለችውን ትንሽ ቆብ ነቀሉና አሳዩኝ። ከቆቡ ሥር ቀጥ ብላ የቆመች አጭር ቱቦ አለች፤ ቀዳዳዋ እርሳስ የሚያስገባ ያህል ነው። ዳር እስከ ዳር ነጭ፣ የረጋ፣ ቅባት ያለው ነገር ተጠቅጥቆባታል።

አሠራሩን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። ከበርሜል ውስጥ ናፍጣ በጎማ ስቦ የቀዳ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሶፍትነሩ ከቱቦዋ አፍ በታች እስካለ ድረስ ባለበት ይቀመጣል፤ መስመሩ የተሰመረው ለዚህ ነው። ከመስመሩ ካለፈ ጊዜውን ሳይጠብቅ በዋናው እጥበት ላይ ይፈስና ከሳሙናው ጋር ይገናኛል። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ማሽኑ ውሃ ሲለቅበት ከፍታው ከቱቦዋ አፍ ያልፋል፤ ቆቡና ቱቦዋም ተጋግዘው የገባውን ሁሉ እስከ ታች ስበው ይጨርሳሉ። ሞተር የለውም፣ ኤሌክትሪክም አይነካውም። ቀዳዳዋ ከተደፈነች ግን ማሽኑ ውሃውን መልቀቁን አይተውም፤ ውሃው መሄጃ አጥቶ እዚያው ይሞላል።

«ሶፍትነሩን ማነው የሚሞላው?» ብለው ጠየቁኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ሌሊት ያድራል?» አሉ። «አዎ።» «ሲያድርማ ይረጋል» አሉና ቱቦዋን ሙቅ ውሃ ውስጥ ጣሏት።

ከዚያ ቀና ብለው የጠየቁኝ ጥያቄ ነው የጣለኝ። «ውሃው ከመስመር ነው ወይስ ከሮቶ?»

ግቢያችን ውስጥ ሮቶው የቆመው አራት ሜትር በምትሆን የብረት ማማ ላይ ነው። የውሃ ግፊት በከፍታ ይለካል፤ አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ያህል ይሰጣል። የኛ ሮቶ እንግዲህ 0.4 ባር ቢሰጥ ነው። የማሽኑ መመሪያ፣ ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ከሶፍትነሩ ጠርሙስ አጠገብ ተቀምጦ የነበረው መመሪያ፣ ከ0.5 እስከ 10 ባር ይላል። ግፊቱ ሲያንስ ውሃው ወደ መሳቢያው የሚገባው እየተንጠባጠበ ነው። በቱቦዋ አፍ በኩል ትንሽ ትንሽ ይሾልካል እንጂ ቱቦዋን ሞልቶ የቀረውን ለመሳብ ጉልበት አያገኝም። በቂ ግፊት ሲኖር ግን በግማሽ የተደፈነች ቱቦ እንኳ ልትሠራ ትችላለች።

በኛ ሰፈር የውሃ ፈረቃ የመስመር ውሃ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ነበር።

ሽማግሌው ይህን ሲጠይቁኝ ስለ ልጅቷ ምንም አያውቁም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ በልቤ ደመርኩት። እኔ ቤት የምውልባቸው ቀኖች የመስመር ውሃ ያለባቸው ቀኖች ናቸው። እኔ የማልኖርባቸው ቀኖች የሮቶ ቀኖች ናቸው። መሳቢያውን ባዶ የሚያደርገው የኔ ዓይን መስሎኝ ነበር። ልጅቷን የወነጀልኩበት ያ የገጠመልኝ ቁጥር የፈረቃው ፕሮግራም ነበር፤ በር ላይ ተለጥፎ በየቀኑ አየዋለሁ።

ጥገናው ራሱ የሚያስቸግር አልነበረም። መሳቢያውንና ቆቡን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉ፤ የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል ብለው ከለከሉኝ። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈገፈጉት፣ ቱቦዋን በቀጭን እንጨት አጸዱ። ከዚያ መሳቢያው የሚገባበትን ጉድጓድ በባትሪ አበሩና ከላይ፣ ጣሪያው ላይ ያሉትን የውሃ ቀዳዳዎች አሳዩኝ። ውሃው የሚወርደው በእነሱ ነው፤ ግማሾቹ በነጭ የድንጋይ ልብስ ተደፍነዋል። እነሱንም በብሩሹ አሹ። በመጨረሻ የውሃውን ቧንቧ ዘግተው ከማሽኑ ጀርባ ጎማውን ፈቱ። ጎማው የሚገባበት ቦታ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች፤ በፒንሳ ስበው ሲያወጧት ዝገትና አሸዋ ይዛለች። ከሮቶ ሥር የሚዘቅጠው ሁሉ መጥቶ የሚጠራቀመው እሷ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ ቡና ብዙም አይረዝምም። ለእጃቸው የከፈልኳቸው ከልጅቷ ላይ ከቆረጥኩት ያነሰ ነው።

ነጩ ቅባት ከየት መጣ የሚለውን ያወቅሁት ደግሞ በስልክ ነው። ሶፍትነሩን የላከችልኝ ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ የአክስቴ ልጅ ናት። ሌላ ጠርሙስ እንድትልክልኝ ደውዬ ስለ መሳቢያው ሳወራት «ሳትበርዢው ነው እንዴ የምታፈሺው?» አለችኝ። ጥቅጥቅ ያለ ዓይነት ነው፤ በውሃ ይቀጠናል፣ ጠርሙሱ ላይም ተጽፏል። እሷ በየቀኑ የምትሠራበት ስለሆነ ስለ ማሽን ከኔ በእጅጉ ታውቃለች። የሶፍትነርና የሳሙና ጠባይ እንደማይገጥም፣ ሁለቱ ሲገናኙ እንደሚረጉ፣ ለዚህም ሲባል ክፍላቸውና ሰዓታቸው እንደተለየ የነገረችኝ እሷ ናት። በኋላ ሳነብ ምክንያቱን አገኘሁት፤ የሶፍትነር ዋና ንጥረ ነገር የፖዘቲቭ፣ የዱቄት ሳሙናው ደግሞ የነጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይሳሳቡና ይጣበቃሉ። ፎጣዬም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ አልጠጣ ያለኝ ለካ ሶፍትነር ስለበዛበት ጭምር ነው፤ ክሩን ይለብሰውና ውሃ እንዳይመጠጥ ያደርገዋል። ሶፍትነር በነፃ የሚመጣልኝ ሰው ባልሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላፈሰስኩም ነበር።

በነፃ የመጣ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ከልጅቷ ደሞዝ ላይ ዋጋውን የቆረጥኩት ሱቅ ገብቼ ጠይቄ ነው።

የአክስቴ ልጅ በዚያው ስልክ «ያቺ ልጅስ ደህና ናት?» አለችኝ። ወጣች አልኳት። «ምነው?» ስትለኝ ወሬ ቀየርኩ። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ የሰው ልብስ ስታጥብ የምትውል ሴት ናት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ይህን ስታነብ ትሰማለች፤ ብትቆጣኝ እውነት አላት።

ልጅቷን መፈለግ የጀመርኩት ሽማግሌው በሄዱ ማግስት ነው። ስልኳ አይሠራም። ተያዥ ሆነው የፈረሙላት ሴት ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ፤ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። የቆረጥኩትን ገንዘብ፣ ከላዩ ላይም ጨምሬ፣ ሰጠኋቸውና የሆነውን ነገርኳቸው። ቆጥረው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ተቆጥተው ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ አልሰደቡኝም።

«ገንዘቡን አደርስላታለሁ ልጄ» አሉኝ። «ደላላው ግን ስሟን ስንጠራለት ፊቱን ያዞራል። ከአንቺ ቤት ከወጣች ወዲህ ቤት አላገኘላትም። እሱን የምታስተካክይው አንቺው ነሽ።»

ደላላው ጋ ሄድኩ። አላመነኝም፤ ዘመዶቿ አስፈራርተውኝ የመጣሁ መሰለው። ማሽኑን ከነቱቦው አስረዳሁት። ሲስቅ ቆየና «እትዬ፣ እኔ እኮ ያኔውኑ ለሌሎቹም ነግሬያለሁ። አሁን የቱን ጠርቼ ልመልስ?» አለኝ። እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብዬ እንዲደውል አደረግሁት። ለተወሰኑት ደወለ። አንዱ «የቷ ናት እሷ?» ብሎ ጠየቀው፤ ስሟን ረስቶታል፣ ከዚያ ሰፈር የመጣች ልጅ ሌባ ናት የሚለውን ግን ያስታውሳል። በኔ ወሬ የተነሳ ስንት ሌላ ልጅ ከደጅ እንደተመለሰች ማን ያውቃል።

ቆይቶ ባለ ጉሊቷ መልእክት ላኩብኝ። ልጅቷ አንድ ምግብ ቤት ሥራ ጀምራለች፣ ገንዘቡም ደርሷታል። ላግኝሽና ይቅርታ ልጠይቅሽ ብዬ ለላክሁባት ግን መልስ አልላከችም። አልጎተጎትኳትም። ይቅርታ ልትነፍገኝ መብቷ ነው፤ መልስ ሳትሰጠኝ በመቅረቷ እንዳዝንባት የሚጠብቅ ካለም ከኔ አያገኝም።

ይህን የምታነቡ ጎረቤቶቼ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። በር ላይ ቆሜ፣ ቡና ላይ ተቀምጬ ስለዚያች ልጅ የነገርኳችሁ ሁሉ ሐሰት ነው። አልሰረቀችኝም፣ አልዋሸችኝም፣ ከኔ ቤት የወጣችውም በራሷ ጥፋት አይደለም። ለሌላ ሰው አውርታችሁ ከሆነ፣ ለእህታችሁም ሆነ ለሠራተኛችሁ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ «ያ ወሬ ስሕተት ነበር፣ ያወራችው ሴት ራሷ ተናግራለች» በሉልኝ።